ሐኪሙ በዓመት አንዴ ሲመጣ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ጅማ የጤና መኮንንነት ተማሪ ነኝ። ጨረር ለነካቸው የማርሻል ደሴቶች ነዋሪዎች የሕክምና ዕቅድ እንድናወጣ የቤት ሥራ ተሰጥቶናል። እኔ የካንሰር ስፔሻሊስቶች በዓመት አንዴ ሄደው ይመርምሯቸው ብያለሁ። ይበቃል?
ከጅሬን

መልስ፦ አይበቃም ልጄ። በዓመት አንዴ የሚመጣ ሐኪም እዚያ ተሞክሯል።

እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ ካሉት የማርሻል ደሴቶች አንዷ በሆነችው ቢኪኒ ላይ የሃይድሮጂን ቦምብ አፈነዳች። ሰው በሚኖርባት በሌላዋ ደሴት በሮንጌላፕ ላይ ጨረር ያዘለ ነጭ አመድ ዘነበ፤ ልጆች ተጫወቱበት። ሰዎቹን ያወጧቸው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በ1957 ችግር የለም ተብለው ተመለሱ። ሐኪሞች በየዓመቱ እየመጡ ደማቸውን ቀዱ፣ ለኳቸው። ሕዝቡ ግን ያጠኑናል እንጂ አያክሙንም ብሎ አማረረ። እውነቱን ነው! በ1985 ነዋሪዎቹ ደሴቲቱን ጥለው ወጡ።

ከ1963 ጀምሮ አንገት ላይ እባጭ ይታይ ጀመር። የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን ይሰበስባል፤ ጨረራማውንም አይለይም። በጣም የተጎዱት ያኔ ሕፃናት የነበሩት ናቸው። ብዙዎቹ ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸዋል። ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ዕድሜ ልኩን ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን፣ የዕጢውን ሆርሞን የሚተካ ክኒን ይውጣል።

እዚህ ላይ ቆም በይ። እዚሁ ጅማ ዕጢዋ የወጣላት አንዲት እናት ነበረችኝ። ክኒኗን አንድም ቀን አታጓድልም፤ የደም ውጤቷ ግን አልስተካከል አለ። እስቲ እንዴት ነው የምትወስጂው አልኳት። «ከአቦል ጋር ነዋ!» አለችኝ። ቡና መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፤ ቡናው ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ይህን የሚደርስበት ቤት ለቤት የሚገባ ሰው ነው። ስለዚህ በዕቅድሽ መጀመሪያ እዚያው የሚኖር፣ ቋንቋቸውን የሚናገር ነርስ አስገቢ። ጀልባ ቢዘገይ ክኒኑ እንዳያልቅ መጠባበቂያም ያዢ።

ካንሰር ብቻም አትበዪ። ከቦምቡ የመጣው ሲዚየም የሚባል ጨረራማ ንጥረ ነገር አፈሩ ውስጥ ቀርቶ ኮኮናቱ ውስጥ ገባ፤ ግማሹ እስኪጠፋ 30 ዓመት ይፈጃል። ከአገራቸው ምግብ የተለየ ሕዝብ ከውጭ በሚመጣ ሩዝና ቆርቆሮ ምግብ ሲኖር ስኳር በሽታው በረታ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። የስኳርና የደም ግፊት መለኪያ ይኑር። ቦምቡ በፈነዳበት ቀን እዚያ ያልነበሩት፣ በኋላ የተመለሱትም ያንኑ ኮኮናት በልተዋልና አትተያቸው።

ውጤቱን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቋንቋ ተጽፎ በእጁ ይያዘው። ለምርምር ደም የሚወሰድ ከሆነ ፈቃድ ለብቻው ይጠየቅ፤ እምቢ ያለ ሰው ሕክምናው እንዳይቋረጥበት።