የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማክሮን ከወርድ ሰነድ ማስወጣት

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ማክሮ ናቸው። ማክሮ ቪቢኤ በሚባል ቋንቋ የሚጻፍ፣ በሰነድ ውስጥ ተቀምጦ ወርድን የሚያዝ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የትእዛዞቹን ስም በዊንዶውስ ላይ ባለው የእንግሊዝኛ ወርድ እንደሚነበበው አስቀምጠናል።

ጥያቄ፦ ከሥራ ባልደረባዬ የተቀበልኩት ቅጽ በተከፈተ ቁጥር ስለ ማክሮ ያስጠነቅቃል። ጽሑፉና ሰንጠረዡ ያስፈልገኛል፤ ማክሮውን ግን አልፈልገውም። የፋይሉን ስም መጨረሻ ከዶክኤም ወደ ዶክኤክስ ብቀይረው ጭራሽ አልከፈትም አለ።

መልስ፦ ስም መቀየር ይዘትን አይቀይርም። ዶክኤም ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን የያዘ ዚፕ ነው፤ ከነሱም አንዱ ሰነዱ ማክሮ የሚይዝ ዓይነት መሆኑን ይመዘግባል። ወርድ ይህን መዝገብ ከስሙ ጋር ያስተያይና ካልተስማሙ አልከፍትም ይላል። ስሙን ወደነበረበት ይመልሱትና ለውጡን ወርድ ራሱ እንዲሠራው ያድርጉ።

ሰነዱን ሲከፍቱ «ኢኔብል ኮንተንት» የሚለውን አይጫኑ። ማክሮን ለማስወጣት ማክሮውን ማስነሳት አያስፈልግም። ፋይል፣ ከዚያ ሴቭ አዝ ይበሉና ከዓይነቶቹ ዝርዝር «ወርድ ዶክመንት» (ማለትም ዶክኤክስ) የሚለውን ይምረጡ፤ አጠገቡ ያለው «ማክሮ ኢኔብልድ» የሚለው መልሶ ያንኑ ዶክኤም ነው። ወርድ የቪቢኤ ፕሮጀክቱ (የሰነዱ ማክሮዎች በሙሉ) በዚህ ዓይነት ፋይል ሊቀመጥ እንደማይችል ነግሮ ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ «የስ» ይበሉ። ከዚያ ፋይሉን ዘግተው አዲሱን እንደገና ይክፈቱት። ሳይዘጉ ከመረመሩት የድሮው ኮድ ገና ሜሞሪ ውስጥ ስላለ ያልወጣ ሊመስል ይችላል። ኦልትን ይዘው ኤፍ 11ን ሲጫኑ በሰነዱ ስም ሥር ባዶ «ዚስ ዶክመንት» ብቻ ካዩ ሥራው አልቋል።

ኮዱ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ማንበብ ባይችሉ እንኳ ይህ መንገድ ይሠራል፤ ፕሮጀክቱ ሳይከፈት እንዳለ ከአዲሱ ፋይል ውጭ ይቀራልና። የቀድሞውን ፋይል ግን ቢያንስ ቅጹን እስኪፈትሹት ድረስ አይጣሉት። በማክሮ የሚሠሩ ቁልፎች በገጹ ላይ ይቀራሉ፤ ሲጫኗቸው ግን ምንም አያደርጉም። ተመራጭ ዝርዝሮችና የቀን መምረጫዎች ኮድ ስለማያስፈልጋቸው እንደነበሩ ይሠራሉ። የሚያሳስበው በማክሮ ይሰላ የነበረ ድምር ነው፤ የመጨረሻው ቁጥር እዚያው ተጽፎ ይቀራል፣ ሌላው አሃዝ ሲቀየር እሱ አይቀየርም፣ ማንም አያስተውለውም። እንዲህ ያለ ቦታ ካለ በወርድ የፎርሙላ ፊልድ (ወርድ ራሱ አስልቶ በሚሞላው ቦታ) ይተኩት።

አንዳንድ ቅጽ ላይ «እዚህ ተጭነው ስም ይጻፉ» የሚል ቦታ ይኖራል። ኦልትና ኤፍ 9ን ሲጫኑ ከሥሩ «ማክሮበተን» የሚል ፊልድ ቢወጣ አይደንግጡ። ብዙ አዘጋጆች ይህን ፊልድ የሌለ ማክሮ ስም ሰጥተው ጽሑፉን በአንድ ጠቅታ ለማስመረጥ ብቻ ይጠቀሙበታል።

ከብዙ ማክሮ አንዱን ብቻ ማጥፋት ከፈለጉ ኦልትና ኤፍ 8ን ተጭነው ስሙን መርጠው «ዲሊት» ይበሉ። ሙሉ ሞጁል (ማክሮዎች በአንድ ላይ የተጻፉበትን ክፍል) ለማስወጣት በኦልትና ኤፍ 11 መስኮት ሞጁሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው «ሪሙቭ» ይምረጡ። ኤክስፖርት ላድርግ ወይ ሲልዎት እሺ ቢሉ ይሻላል፤ በኖትፓድ የሚነበብ ተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጥልዎታል። «ዚስ ዶክመንት» ራሱ አይወጣም፤ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ መርጦ መሰረዝ ነው።

ጥያቄ፦ ማክሮውን ከሰነዱ አጠፋሁት፤ ግን አዲስ ባዶ ሰነድ ስከፍትም አለ። ጭራሽ «ሴቭ» ስል ወርድ ያላዘዝኩትን ያደርጋል።

መልስ፦ ማክሮው መጀመሪያውኑ በሰነዱ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። የቪቢኤ ማክሮ የሚያድርባቸው ቦታዎች ሰነዱ ራሱ፣ ከሰነዱ ጋር የተያያዘ ቴምፕሌት (ሰነድ የሚሠራበት ሞዴል ፋይል)፣ ወርድ ሲነሳ ሁሌም የሚጭነው ኖርማል ቴምፕሌት፣ እንዲሁም «ስታርታፕ» ፎልደር ውስጥ የተቀመጡ ቴምፕሌቶች ናቸው። ከማጥፋት በፊት የትኛው ውስጥ እንዳለ መለየት ግድ ነው፤ ብዙ ሰው ልፋቱ ከንቱ የሚሆንበት እዚህ ላይ ነው።

ለመለየት የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን ተጭነው በሚመጣው ሳጥን ዊንወርድ ብለው፣ ክፍተት ትተው፣ ወደ ፊት ያዘመመ ሰረዝና ኤ ፊደል ይጻፉ። ወርድ በዚህ መንገድ ሲነሳ ኖርማልንም ሆነ በስታርታፕ ያሉትን ቴምፕሌቶች አይጭንም። ችግሩ ከጠፋ ምንጩ ከሁለቱ በአንዱ ነው። ከዚያ ወርድን እንደተለመደው ከፍተው ኦልትና ኤፍ 8፤ «ማክሮስ ኢን» ከሚለው ዝርዝር ቴምፕሌቶቹን አንድ በአንድ ይምረጡ። «ሁሉም» የሚለውን ትተው በየስማቸው ካዩ ባለቤቱ ይታወቃል።

ስለ «ሴቭ» የጠየቁት ትልቅ ፍንጭ ነው። ከወርድ የራሱ ትእዛዝ ጋር ስሙ የገጠመ ማክሮ ትእዛዙን ይተካዋል፤ «ፋይልሴቭ» የተባለ ማክሮ ካለ ማስቀመጫውን ሲጫኑ የሚሠራው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተሰራጨው «ኮንሴፕት» የተባለው የወርድ ቫይረስ በዚሁ ዘዴ ነበር የተስፋፋው፦ የተበከለ ሰነድ ሲከፈት ራሱን ወደ ኖርማል ይገለብጥና ከዚያ ወዲያ «ሴቭ አዝ» በተባለ ቁጥር አዲሱን ፋይል ይበክል ነበር። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ስም፣ ወይም «አውቶኦፕን»፣ «አውቶኤግዜክ»፣ «አውቶክሎዝ» የሚል በኖርማል ውስጥ ካዩና እርስዎ ወይም የመሥሪያ ቤትዎ ባለሙያ ካልጻፋችሁት ፋይሉን በሙሉ መተካት ነው የሚሻለው።

ኖርማል የተቀመጠበትን ፎልደር ለማግኘት ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ይግቡና ወደ ታች ወርደው «ፋይል ሎኬሽንስ» የሚለውን ይጫኑ። «ዩዘር ቴምፕሌትስ» ከሚለው ጎን ያለው አድራሻ ነው። ወርድንና አውትሉክን ይዝጉ። አውትሉክ ክፍት ከሆነ ወርድን ከጀርባ ይዞ ስለሚቆይ ፋይሉ አልነካም ይላል። ከዚያ ኖርማልን አይሰርዙት፤ ስሙን ብቻ ይቀይሩት። ወርድ ሲነሳ ስላጣው አዲስ ንጹህ ይሠራል። በዚህ የሚያጡት ያስተካከሏቸውን ስታይሎች፣ የሠሯቸውን የቁልፍ አቋራጮችና የራስዎን ማክሮዎች ነው። ስታይሎቹን ለመመለስ በኦልት ኤፍ 8 መስኮት «ኦርጋናይዘር» ውስጥ ገብተው ከድሮው ወደ አዲሱ «ኮፒ» ያድርጉ፤ ማክሮ ያለበትን ትር ግን አይንኩ።

ምንጩ ስታርታፕ ከሆነ አድራሻው በዚያው «ፋይል ሎኬሽንስ» ዝርዝር አለ። እዚያ ያሉት አንዳንዶቹ በሌሎች ፕሮግራሞች የተተከሉ ጠቃሚ ነገሮች ስለሚሆኑ በጅምላ አይሰርዙ፤ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቦታ እያዛወሩ ወርድን እንደገና ያስነሱ።

ጥያቄ፦ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ማክሮውን የማስነሻ ቁልፍ ግን የለውም። ፋይሉ ከድርጅታችን ነው፣ እፈልገዋለሁ።

መልስ፦ ፋይሉ ከኢንተርኔት ወይም ከኢሜይል ስለመጣ ዊንዶውስ ምልክት አድርጎበታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮም ማይክሮሶፍት እንዲህ ዓይነት ፋይል ላይ ማክሮን ያለ ምርጫ ይዘጋል። ላኪውን በስልክ አረጋግጡ። ከዚያ ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከታች «አንብሎክ» ላይ ምልክት አድርገው «ኦኬ»። የመጣው በዚፕ ከሆነ ሳይፈቱት በፊት ዚፑን ራሱን አንብሎክ ያድርጉት። በትረስት ሴንተር (በወርድ የደህንነት ቅንብሮች) «ሁሉንም ማክሮ ፍቀድ» የሚለውን መምረጥ ግን ለአንድ ፋይል ሲባል በሩን ለሁሉም መክፈት ነው፤ ዲፎልቱን «በማስታወቂያ ዝጋ» ላይ ይተዉት።

ልብ ይበሉ፣ ምልክቱ የሚቀመጠው ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የዲስኩ የፋይል አደረጃጀት ላይ እንጂ በሰነዱ ውስጥ አይደለም። ፋት 32 በተባለው ሌላ አደረጃጀት በተዘጋጀ ፍላሽ አልፎ የመጣ ፋይል ምልክቱን ያጣል። ቀዩ ማስጠንቀቂያ አለመምጣቱ የንጽህና ማረጋገጫ አይሆንም።

ጥያቄ፦ በመቶ የሚቆጠሩ የቆዩ የዶክ ፋይሎች አሉን። የትኛው ማክሮ እንዳለው አይታይም። ሁሉንም እንዴት እናጽዳ?

መልስ፦ እውነትዎን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 በፊት የነበረው ዶክ ማክሮ ቢኖረውም ባይኖረውም ስሙ አንድ ነው። መፍትሔው ሁሉንም ወደ ዶክኤክስ መቀየር ሲሆን፣ ይህን ለመሥራት ደግሞ የሚቀለው መሣሪያ ማክሮ ነው። ፎልደሩን እየዞረ የሚከፍትና «ሴቭ አዝ» የሚል አጭር ኮድ ባለሙያ በቀላሉ ይጽፍላችኋል፤ የሚያስቀምጥበት የዓይነት ቁጥር 12 ይሁን። 13 ከሆነ ማክሮውን ይዞ ነው የሚያስቀምጠው።

አንድ አደገኛ ነገር አለ። ፋይልን በኮድ ሲከፍቱ ወርድ ከማስጠንቀቂያው ቅንብር ይልቅ «አውቶሜሽን ሴኩሪቲ» የተባለውን ያያል፤ መነሻው ደግሞ ሁሉንም ማክሮ የሚፈቅደው ዝቅተኛው ነው። ኮዱ የመጀመሪያውን ፋይል ከመክፈቱ በፊት ይህን ሁሉንም ማክሮ ወደሚዘጋው 3 ማድረግ አለበት፤ አለበለዚያ ሊያጸዱት የመጡትን ቫይረስ ራስዎ ያስነሱታል። በይለፍ ቃል የተዘጋ ፋይልም ሥራውን ያቆመዋል፤ ኮዱ ሆን ብሎ የተሳሳተ ይለፍ ቃል ቢሰጥ ወርድ ስህተት መልሶ ወደ ቀጣዩ እንዲያልፍ ማድረግ ይቻላል። ለውጡ የገጽ አቀማመጥን ሊያዛባ ስለሚችል ዋናዎቹን ፋይሎች በሌላ ዲስክ ያኑሯቸው።

ጥያቄ፦ ዶክኤክስ ማክሮ አይይዝም ይባላል፤ የተላከልኝ ዶክኤክስ ግን ስለ ማክሮ አስጠነቀቀኝ።

መልስ፦ ሰነዱ አይይዝም፤ የተያያዘበት ቴምፕሌት ግን ሊይዝ ይችላል። ዶክኤክሱ ውስጥ የሚቀመጠው የቴምፕሌቱ አድራሻ ብቻ ነው፣ አድራሻው የኢንተርኔትም ሊሆን ይችላል። «ዴቨሎፐር» ትር ከሌለ በኦፕሽንስ፣ «ከስተማይዝ ሪበን» ያብሩት። ከዚያ «ዶክመንት ቴምፕሌት» ይጫኑ፤ በሳጥኑ ውስጥ የማያውቁት አድራሻ ካለ ሰርዘው ኖርማል ብለው ይጻፉና ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ሊብረኦፊስ ነው የምጠቀመው።

መልስ፦ የሊብረኦፊስ የራሱ ዓይነት የሆነው የኦዲቲ ሰነድ ማክሮ ቢኖረውም ስሙ አይለይም። «ቱልስ»፣ «ማክሮስ»፣ «ኦርጋናይዝ ማክሮስ»፣ «ቤዚክ» ይግቡ፤ በሰነዱ ስም ሥር ያለው የሰነዱ፣ «ማይ ማክሮስ» ሥር ያለው ደግሞ በሁሉም ሰነድ ላይ የሚሠራ የእርስዎ ነው። «ኦርጋናይዘር» ውስጥ ሞጁሉን መርጠው ይሰርዙ። ከዚያ በኋላ ሰነዱ ሲከፈት የስክሪፕት ስህተት ካወጣ ማክሮው ከመክፈቻው ጋር ታስሮ ነበር ማለት ነው። «ቱልስ»፣ «ከስተማይዝ»፣ «ኢቨንትስ» ትር፤ «ሴቭ ኢን» ላይ ሰነዱን መርጠው የቀረውን ማሰሪያ በ«ሪሙቭ» ያንሱት።