የሥራ መረጃ በግል ስልክ ላይ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የድርጅት ስልኮችንና ኢሜይልን ማስተዳደር ሥራዬ ነው። «የሥራ ኢሜይል ስልካችሁ ላይ አስገቡ» ተብላችሁ ግራ የገባችሁ ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኢሜይሉን ላስገባ ስል «አስተዳዳሪው ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ማጥፋት ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ መጣብኝ። የልጆቼን ፎቶ ጭምር?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ፎቶውንም ጭምር። ኢሜይሉ ከስልኩ ከራሱ የኢሜይል አፕ ጋር በኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የድርጅት ኢሜይል ሥርዓት) ሲገናኝና ያንን ማስጠንቀቂያ ስትቀበዪ፣ አይቲ ክፍሉ ቢሮው ቁጭ ብሎ ስልክሽን ከፋብሪካ እንደወጣ ሊያደርገው ይችላል።

ቴክሳስ ውስጥ ደርሷል። የአንድ ቤት ገንቢ ኩባንያ ሠራተኛ በራሱ አይፎን ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እለቃለሁ አለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኩባንያው ስልኩን ከርቀት አጸዳበት፤ የቤተሰብ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር፣ ሁሉም ሄደ። ከሰሰ። በ2014 ፌዴራል ፍርድ ቤቱ በሁለት የፌዴራል ሕጎች ያቀረበውን ክስ ውድቅ አደረገበት። አንደኛው ሕግ ስልክ ላይ የተቀመጠ ፎቶን አይመለከትም፤ በሁለተኛውም ሕጉ የሚጠይቀውን ዓይነት ኪሳራ አላሳየህም ተባለ። ኩባንያው የራሱን መረጃ ማጥፋቱ መብቱ ነው። የሰው የቤተሰብ ፎቶ ግን የኩባንያ መረጃ አይደለም፣ እኔ በዚህ አልደራደርም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? አላስገባም ብል ሥራዬ ነው።

መልስ፦ አንድሮይድ ከሆነ «ወርክ ፕሮፋይል አድርጉልኝ» በያቸው። ከአንድሮይድ 5 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። የሥራ አፖችሽ ትንሽ የቦርሳ ምልክት ይዘው ለብቻቸው ይቀመጣሉ። አይቲው የሚያዘው በዚያ ክፍል ብቻ ነው፤ ሲያጠፋም እሱን ብቻ ያጠፋል። ማታ ቤትሽ ስትገቢ ክፍሉን መዝጋት ትችያለሽ፤ እስክትከፍቺው የሥራ መልእክት አይመጣብሽም።

ጥያቄ፦ አይፎንስ?

መልስ፦ ከአይኦኤስ 13 (እ.ኤ.አ. 2019) ወዲህ ለግል ስልክ የተሠራ «ዩዘር ኢንሮልመንት» የሚባል የምዝገባ መንገድ አለ። በሱ ከገባህ ሙሉ ስልኩን ማጥፋት አይችሉም። ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ ከዚያ «ቪፒኤን ኤንድ ዲቫይስ ማኔጅመንት» ግባና ምን እንደተጫነብህ እይ።

ጥያቄ፦ ዋትሳፔን ያነባሉ?

መልስ፦ በእነዚህ መንገዶች አያነቡም። በቢሮ ዋይፋይ ስትጠቀም ግን የትኞቹ ድረ ገጾች ላይ እንደገባህ ሊያዩ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከሥራ ኢሜይል ኮፒ ያደረግኩት ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ ፔስት አልሆን አለ። ስልኬ ተበላሸ?

መልስ፦ አልተበላሸም። ኩባንያው በኢንቲዩን (የማይክሮሶፍት የሥራ ስልክና አፕ ማስተዳደሪያ) ወይም በመሰሉ ከሥራ አፕ ወደ ግል አፕ መገልበጥን ከልክሏል። ደግ አድርጓል፤ ስልክህን ሳይነካ መረጃውን ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ አዲስ አበባ ትንሽ ድርጅት አለኝ። ሥራችን ሁሉ በቴሌግራም ግሩፕ ነው። የሽያጭ ሠራተኛዬ የደንበኞቼን ዝርዝር ይዞ ለቀቀ። ከስልኩ ላጠፋበት እችላለሁ?

መልስ፦ ጋሼ፣ አይችሉም። ከግሩፑ ማስወጣትና እዚያ ያለውን መልእክት መሰረዝ ይችላሉ፤ ስልኩ ላይ ያወረደው ፋይል ግን በእጁ ነው። የደንበኞችዎን ስምና ስልክ የመጠበቅ ኃላፊነት ደግሞ በእርስዎ ላይ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ዝርዝሩን ከግሩፑ ያውጡት። የድርጅት አካውንት ይክፈቱና እዚያ ያስቀምጡት፣ ሰው ሲለቅ የዚያን ዕለት አካውንቱን ይዝጉ። ስልክ ገዝተው መስጠት ከቻሉ ከሁሉም ይሻላል።

ጥያቄ፦ ካሊፎርኒያ ነኝ። በራሴ ስልክ ለሥራ እደውላለሁ፣ ሂሳቡን የምከፍለው እኔ ነኝ።

መልስ፦ ጠይቂያቸው። የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014፣ በግል ስልክ ለሥራ መደወል ግዴታ ከሆነ አሠሪው ከሂሳቡ ተገቢውን ድርሻ መመለስ አለበት ብሏል፤ ያልተገደበ ፓኬጅ ቢኖርሽም። ሕጉ የሠራተኛ ሕጋቸው አንቀጽ 2802 ነው።

ጥያቄ፦ የሚቀጥለው ሳምንት እለቃለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደብዳቤውን ከማስገባትህ በፊት የግል ፎቶና ስልክ ቁጥሮችህን ባክአፕ አድርግ፤ የለቀቅክበት ቀን ማታ ሊዘገይ ይችላል። የሥራ ፋይል ወደ ግል ኢሜይልህ አትላክ፣ እሱ ራሱ ያስከስሳል። ለአይቲ ክፍሉ «የሥራ አካውንቱን ብቻ አውጡልኝ፣ ስልኩን አታጽዱ» ብለህ በኢሜይል ጻፍላቸው፣ መልሳቸውንም አስቀምጥ።