የአባቴን ካሴቶች ገልብጬ ባካፍል ስርቆት ይሆናልን? ለሚለው ጥያቄ

ጠያቂያችን ከአባታቸው የቀሩላቸውን ካሴቶች ወደ ኮምፒዩተር እየገለበጡ በቴሌግራም ለማካፈልና በዩቲዩብ ለመጫን አስበዋል። አንዳንድ ሰዎች «ይህ ስርቆት ነው» ሲሏቸው፣ ሌሎች ደግሞ «ሙዚቃ ቤቶቹ ራሳቸው ድምፃውያኑን ሲበዘብዙ ስለኖሩ የሚታዘንላቸው አይደሉም» ብለዋቸዋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ካሴት በሚያሳትም አንድ ሙዚቃ ቤት ተቀጥሬ ሠርቻለሁና፣ ይህ ሁለተኛው መከራከሪያ የማያስኬድበትን ምክንያት ከሥራው ተነሥቼ ላስረዳ።

በዚያን ጊዜ ድምፃዊው የሚያገኘው በአብዛኛው አንድ ጊዜ ተቆርጦ የሚሰጠውን ገንዘብ ብቻ ነበር፤ ካሴቱ ምንም ያህል ቢሸጥ ተጨማሪ ክፍያ አልነበረውም። ወቀሳው እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ያ ገንዘብ የሚቆረጠው የቀደሙት ካሴቶች ሽያጭ እየታየ ሲሆን፣ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ የወጣ ካሴት ወጪውን መመለስ የነበረበት ገና ትኩስ ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ነው። ቸርቻሪው አንድ ኦሪጅናል ገዝቶ፣ የቀረውን በራሱ ማባዣ እያባዛና ሽፋኑን እያስመሰለ በርካሽ የሚሸጠውም በእነዚያው ሳምንታት ነበር። ኪሳራውን ደግሞ የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ብቻውን አልተሸከመም። ስም ያለው ድምፃዊ ሌላ ሙዚቃ ቤት ሄዶ መደራደር ስለሚችል፣ በቀጣዩ ውል ላይ አስቀድሞ የሚቀነሰው የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹ ክፍያ ነበር። አባዢው ለድምፃዊው የተበቀለ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ለድምፃዊው አንድ ሳንቲም አልከፈለም፣ ከደራሲው ላይ ግን ቀንሷል።

ሙዚቃ ቤቶቹም ቢሆኑ ንጹሐን አልነበሩም። በራሳቸው ካሴት ሽፋን ላይ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ብለው እያሳተሙ፣ ደንበኛ ባዶ ካሴት ይዞ ሲመጣ ከተፎካካሪዎቻቸው ሥራ የመረጠውን ዘፈን በክፍያ የሚቀዱ ጥቂት አልነበሩም። የእኛም ቤት ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ሕግና ፍትሕ ሁልጊዜ አንድ አለመሆናቸውን ለመረዳት አምሃ እሸቴን ማስታወስ ይበቃል። ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በ1948 እ.ኤ.አ. ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ እርሱ በ1969 እ.ኤ.አ. ክልከላውን ጥሶ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ አገር ጥሎ እስከ ወጣበት እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስም ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችንና 12 አልበሞችን አሳተመ። እርሱ የጣሰው ግን ሌላው እንዳይሠራ የሚከለክል ሕግ ነበር፤ ያሳተመውም ራሱ ገንዘብ አውጥቶ ያስቀረጸውን ሥራ ነው። ኮፒ አድራጊዎች ስሙን እንደ መከላከያ ሲጠቅሱ ስሰማ ይገርመኛል።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልመለስ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግል መገልገያው ብቻ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥዎ የሚያስወቅስ አይደለም። ለሺዎች በቴሌግራም ማሠራጨት ግን የግል መገልገያ ሊባል አይችልም። ዘፈኑ አሮጌ መሆኑም ብቻውን ነፃ አያወጣዎትም፤ የድምፅ ቅጂው አዘጋጅ፣ ማለትም ሥራውን ያስቀረጸው ወገን፣ መብት የሚጠበቀው ለ50 ዓመት ሲሆን፣ የደራሲው ግን በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተ በኋላ ለተጨማሪ 50 ዓመት ነው። ስለዚህ የአዘጋጁ ጊዜ ባለቀበት ዘፈን ላይ እንኳ የገጣሚው ልጆች ባለመብት ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ስል ካሴቶቹ በሣጥን ይበስብሱ ማለቴ አይደለም። ብዙ ሙዚቃ ቤቶች ተዘግተዋል፣ ካሴቶቹ የተባዙባቸው ዋና ቅጂዎች (ማስተሮች) የት እንደገቡም አይታወቅም፤ ስለዚህ በየቤቱ የቀረው ካሴት ብቸኛው ቅጂ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በበኩሌ ድምፁን ሳይጨመቅ በዌቭ ፋይል እንዲገለብጡ፣ ከካሴቱ ጀርባ የሚሰማውን የሹሹታ ድምፅ «አጸዳለሁ» ብለው እንዳይነካኩት፣ ሽፋኑንም በሁለቱም ገጽ ስካን አድርገው የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ባለቤቶችን ስም ከፋይሉ ጋር እንዲያኖሩ እመክራለሁ፤ በቴሌግራም በሚዞሩት ቅጂዎች ላይ ቀድሞ የሚጠፋው ይኸው ስም ነውና። አሳታሚው ዛሬም የሚሠራ ከሆነ እርሱንም ደራሲውንም ጠይቀው ያካፍሉ፤ እምቢ ካሉ ፋይሉ እርስዎ ዘንድ ይቆይ። ዩቲዩቡን ግን ይተዉት ባይ ነኝ፤ ኢንተርኔት ባልነበረበት ዘመን «ሙሉ መብት» ተብሎ የተፈረመ ውል ዛሬ ሙዚቃ ቤቶችንና ባለሙያዎችን እያጨቃጨቀ ስለሆነ፣ ከማስታወቂያ ገቢ የሚሰበስብ ሦስተኛ ወገን ሆነው መሀል መግባት አይገባዎትም።

ከካሴቶቹ መካከል ከምሽት ክበብ ወይም ከሠርግ ቤት በቀጥታ የተቀዱ ካሉ ደግሞ ለብቻ ይለዩዋቸው። አዋጁ ለግል መገልገያ እንዲባዛ የፈቀደው የታተመውን ሥራ ስለሆነ፣ እነዚህን ድምፃዊው ወይም የባንዱ አባላት ሳይፈቅዱ ለማንም ባይሰጡ ይሻላል።