ስካፎልዱ ሲወዛወዝ መጀመሪያ የሚታየው ማሰሪያው ነው

አንድ የግንባታ ፎርማን የላኩልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። የብረት ስካፎልዳቸው (ሠራተኞች ከፍታ ላይ ቆመው የሚሠሩበት መወጣጫ) ወደ 12 ሜትር ቁመትና 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ከውጭ በመረብ ተሸፍኗል። ግድግዳው ሲገነባ ችግር አልነበረውም። የውጭ ልስን ከተጀመረ ወዲህ ግን ሰው ሲራመድበት ላይኛው ክፍል ይወዛወዛል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይብስበታል። ለወራት ባዶ በነበረው የአደጋ መዝገብ ላይ በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ሰው ተጽፏል፤ አንዱ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል፣ ሁለቱ ከላይ በወደቀ ዕቃ ተመትተዋል። አሠሪው «የሠራተኛ ግድየለሽነት ነው» ይላል። እርስዎ ፎርማኑ ደግሞ የስካፎልዱ እግር እየሰመጠ እንደሆነ ይጠረጥራሉ።

እኔ የምጠረጥረው ሌላ ነው። ስካፎልዱን ከሕንፃው ጋር የሚይዙት ማሰሪያዎች ተፈትተዋል። የልስን ሠራተኛ ማሰሪያው ያረፈበትን ቦታ መለሰን ስለማይችል ይፈታዋል፤ ልስኑ ሲደርቅ መልሶ የሚያስረው ሰው ግን አልተመደበም። ከሰዓት በኋላ የሚብሰው ነፋስ ስለሚነሣ ነው። መረቡ ነፋሱን ይይዛል፤ የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ፦ ማሰሪያው ተመልሶ እስኪታሰር ማንም ሰው አይውጣበት። ለጥገና የሚሰማራውም ቢሆን የደህንነት ቀበቶውን ከሕንፃው ምሰሶ ጋር ያያይዝ እንጂ ከስካፎልዱ ጋር አያያይዝ። ስካፎልዱ ከተደረመሰ ቀበቶው ሰውየውን ይዞት ይወርዳል።

ጥርጣሬዬን ከመሬት ሆነው ማረጋገጥ ይችላሉ። ከሕንፃው ጥግ ቆመው በስካፎልዱ ርዝመት ይመልከቱ። ንቅናቄው ወደ ግድግዳውና ከግድግዳው ወደ ውጭ ከሆነ ጉድለቱ የማሰሪያ ነው። ከግድግዳው ጎን ለጎን ወደ ግራና ቀኝ ከሆነ ሰያፍ ብረቶቹ ጎድለዋል። ሳይወዛወዝ በአንድ በኩል ካዘነበለ ያን ጊዜ የእርስዎ ግምት ልክ ነው፤ ቋሚዎቹን በቱምቢ ይለኩ፣ የእግር ሰሌዳዎቹ ከሥራቸው ጣውላ እንዳላቸው ይዩ። ከዚያ በየመስኮቱ እየሄዱ የቀሩትን ማሰሪያዎች ይቁጠሩ። ሲተከል ከነበሩት ግማሹን እንኳ ካገኙ ይገርመኛል።

ወራት ሙሉ ደህና የነበረ ስካፎልድ በድንገት ለምን እንደሚከፋ ላስረዳዎ፤ ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የስካፎልድ ቋሚ ብረት የሚወድቀው ጭነቱ ጨፍልቆት አይደለም፤ ጎብጦ ነው። ቀጭን ዘንግ ከላይና ከታች ሲጫኑት መሃሉ ወደ ጎን እንደሚጎብጥ ማለት ነው። ሌዮንሃርድ ኦይለር የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ18ኛው መቶ ዘመን እንዳሳየው፣ ዘንጉ ሳይጎብጥ የሚችለው ጭነት በነጻ ርዝመቱ ካሬ መጠን ይቀንሳል። ነጻ ርዝመት የምለው በሁለት መያዣዎች መካከል ያለውን ነው። እንግዲህ በመካከል ያለችውን አንዲት ማሰሪያ ሲፈቱ በላይኛውና በታችኛው ማሰሪያ መካከል ያለው ርዝመት እጥፍ ይሆናል፤ ብረቱ ወደ ግድግዳው አቅጣጫ የሚችለው ጭነት ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ሁለት ተከታታይ ማሰሪያ ከተፈታ ርዝመቱ ሦስት እጥፍ፣ አቅሙ አንድ ዘጠነኛ። ብረቱ ያው ነው፣ ውፍረቱ ያው ነው፣ ዝገትም የለበትም፤ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ሙሉ አቅሙ በነበረ ጊዜ ትርፍ ስለነበረው የመጀመሪያዋ ማሰሪያ ስትፈታ ማንም አይሰማውም፤ ሁለተኛዋም ታልፋለች። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰው፣ ጥቂት ከረጢት 50 ኪሎ ሲሚንቶና የሞርታር ባልዲዎች አንድ ጣውላ ላይ ሲሰበሰቡ ከነነፋሱ ያ ትርፍ ያልቃል። ጎባጣነት ቀስ ብሎ አይመጣም። መወዛወዙ ማስጠንቀቂያው ነው፤ ከዚህ በላይ ማስጠንቀቂያ አይጠብቁ።

ስለዚህ ማንም አይውጣበት። ይህን የምደግመው «እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ እንጨርስ» የሚል ሰው ሁልጊዜ ስለሚኖር ነው።

ጥገናው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ነፋሱ ጋብ ባለበት ሰዓት ከመስኮት ሆነው መረቡን ይቁረጡና ይልቀቁት። በእጅ የሚደረስበትን ጭነት ከውስጥ ወደ ሕንፃው ይሳቡ። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ይሰሩ። ብዙ የደህንነት ደንቦች ቁመቱ ከእግሩ ስፋት አራት እጥፍ ሲያልፍ መታሰር አለበት ይላሉ፤ ለእርስዎ ስካፎልድ ያ ከ3.6 ሜትር ጀምሮ ነው። በአሜሪካው ደንብ እንዲህ ጠባብ ለሆነ ስካፎልድ የማሰሪያው ርቀት ወደ ላይ ከ6 ሜትር ገደማ፣ ወደ ጎን ከ9 ሜትር ገደማ አይበልጥም። መረብ ተመልሶ የሚለበስ ከሆነ እኔ በግማሽ አሳጥረዋለሁ፤ አምራቹ ከዚያ ያነሰ ካዘዘ የአምራቹን ይከተሉ።

ማሰሪያው ጠንካራ የብረት ቧንቧ ይሁን፤ አግዳሚና ቋሚ ከሚገናኙበት አጠገብ በክላምፕ (በብሎን በሚጠብቅ የቧንቧ መያዣ) ይያዝ። ያለፈው ጠጋኝ በሽቦ አስሮት ካገኙ (ብዙ ጊዜ አገኛለሁ፣ በጣምም ያናድደኛል) ቆርጠው ይጣሉት። ሽቦ መሳብን እንጂ መግፋትን አይከለክልም፤ ስካፎልዱ ወደ ግድግዳው ሲመጣ ይላላል። የግድግዳው ብሎን ደግሞ በኮንክሪት ምሰሶ ወይም በወለሉ ጠርዝ ይግባ እንጂ በብሎኬት አይግባ፤ ብሎኬት ባዶ ነው፣ ይነቀላል። ኮንክሪቱም ጥንካሬውን የያዘ ይሁን። በ1978 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ዊሎ አይላንድ ላይ የማቀዝቀዣ ግንብ ሲሠራ ስካፎልዱ የተያዘው ገና ባልጠነከረ ኮንክሪት ነበር፤ ተገንጥሎ 51 ሠራተኞች ሞቱ።

ክላምፖቹን አንድ በአንድ ይመርምሩ። በርካሽ የሚመጡት ከስስ ብረት የተሠሩ ክላምፖች ሁለት ጊዜ ሲጠብቁ አፋቸው ይከፈታል፣ የብሎናቸው ጥርስ ይበላል። ገንዘብ ቆጣቢ የሚመስለው አሠሪ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚያስጎዳው። የተሰበረ ፍሬም በብየዳ ተጠግኖ ካገኙም ከሥራ ያውጡት፤ ስስ ቧንቧ በግምት ሲበየድ ከብየዳው ጎን ይደክማል።

ማሰሪያው ሲያልቅ የቀረው ቀላል ነው፦ በየደረጃው 1 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መከላከያ አግዳሚ፣ ከመካከሉ ሌላ፣ ከጣውላው ጫፍ ዕቃ ተንሸራትቶ እንዳይወድቅ የሚያግድ የእግር ጠርዝ። ሁለቱን ሰዎች የመታቸው ዕቃ የወደቀው ምናልባት ይህ ጠርዝ ስለሌለ ነው።

ስለ ግድየለሽነቱ ክስ ደግሞ መዝገብዎን ለአሠሪው ያሳዩት። ሠራተኞቹ ከልስኑ በፊትም እነዚያው ነበሩ፤ የተለወጠው ስካፎልዱ ነው። ከፍታ ላይ ወድቆ መሞት በዚህ ሙያ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ከግንባታ ሟቾች ሢሶው ያህል፣ በብሪታንያ ደግሞ ግማሽ ገደማ የሚሞተው በመውደቅ ነው፤ በእነዚህ አገሮች የሥራ ላይ ሞት ካለፉት አሥርት ዓመታት ይልቅ ቢቀንስም መውደቅ ከአንደኛነት ፈቀቅ አላለም። መዝገቡ ላይ የጉዳቱን ስም ብቻ አይጻፉ፤ ደረጃውን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱንና በዚያ ቀን የተፈታውን ማሰሪያ ይጨምሩ። ማሰሪያ የሚፈታና የሚያስር አንድ ሰው በስም ይመድቡ፤ በየፈረቃው መጀመሪያና ከኃይለኛ ነፋስ በኋላ እሱ አይቶ ፈርሞ መግቢያው ላይ ምልክት ካልሰቀለ ማንም አይውጣ።