ጥያቄና መልስ፦ ሽሪምፕ የተሠራበት ድስት ይጣላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ወንድሜ ከጅቡቲ ሲመጣ በበረዶ የታሸገ ሽሪምፕ፣ ያንን ባለ ሽፋን ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ ይዞልን መጣ። ከነሽፋኑ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በኮረሪማና በሚጥሚጣ መረቅ ሠርተን በላን። የፍስክ ቀን ነበር። ጎረቤቴ ሰምታ «ረክሳችኋል! ድስቱን ጣሉት፣ ቤቱን ጠበል አስረጩ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ መግባት ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ድስቱን አትጣዪው። ቅዳሴም አትቅሪ።

ዘሌዋውያን 11ን ታውቂዋለሽ፤ በውኃ ከሚኖሩት ክንፍና ቅርፊት የሌላቸውን አትብሉ ይላል። የሽሪምፕ ሽፋን እንደ ዓሣ ቅርፊት አይቆጠርም፤ አምባዛንም ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉ ብዙ ምእመናን አሉ። እኔም በአባቶች ልማድ ጸንቼ አልበላም፤ አንቺም ብትተዪው ደስ ይለኛል። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና ያሉሽን ፈጽሚ። የምግቡ ነገር ይኸው ነው።

እኔን ያሳዘነኝ «ረክሳችኋል» የሚለው ነው። ስንት ሰው በዚህ ቃል ደጀ ሰላም እንደራቀ አይቻለሁ። ምግብን መተው ሌላ፣ ሰውን ርኩስ ማለት ሌላ! ጴጥሮስ በኢዮጴ ያየውን፣ ርኩስ የሚባሉ እንስሳት ወርደውለት «አርደህ ብላ» የተባለበትን ራእይ ብዙዎች ስለ መብል ብቻ አድርገው ይጠቅሱታል። እሱ ግን ከአሕዛብ ወገን የሆነው ቆርኔሌዎስ ቤት ገብቶ ምን አለ? ማንንም ሰው ርኩስ እንዳልል እግዚአብሔር አሳየኝ አለ (ሐዋ. 10፥28)።

ዐፄ ገላውዴዎስም እ.ኤ.አ. በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ስለ እሪያ ሥጋ ይህንኑ አስረድተዋል። የማንበላው እንደ አይሁድ በኦሪት ታስረን አይደለም፤ የበላውን አንጸየፍም፣ ያልበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም ነው ያሉት። ማስረጃቸው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈው ነው።

ደግሞ እናንተ የጅማ ሰዎች ይህን በኑሮ ታውቁታላችሁ። ሰርግ ሲደገስ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ለየብቻ ታርዶ ለየብቻ ይሠራል። ቡናው ግን አብሮ ይጠጣል። ርኩስ ነህ የሚባባል የለም። ታዲያ ለሙስሊም ጎረቤታችን የምንሰጠውን ክብር፣ አብራን ለምታስቀድስ እኅታችን እንዴት እንነፍጋታለን?

ጠበል የምንረጨው ለበረከትና ለፈውስ ነው። ለድስቱ ውኃና ሳሙና ይበቃዋል።

ጎረቤትሽን ግን እንዳትቀየሚያት። ክፉ አስባ አይደለም፤ ለሃይማኖቷ ተቆርቁራ ነው። ያንን መረቅ በዚያው ድስት፣ በዚያው ቅመም፣ በምስርና በድንች ሥሪና ጥሪያት። እምቢ ካለች አትጫኛት፣ ቡና አፍዪላት። እሑድ ደግሞ ቀስቅሻትና አብራችሁ ቅዳሴ ሂዱ።