ካውንቲው የሚከፍለው እናንተ ከከፈላችሁ በኋላ ነው

እህቴ፣ «ትንሽ የኮሚኒቲ ማህበር አለን፤ ካውንቲያችን ቤተሰቦች ከኪራይ ቤት እንዳይባረሩ የሚረዱ ድርጅቶችን ለጨረታ ጠርቷል፣ እንግባ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ግቡ። ግን እኛን ዋጋ ያስከፈለንን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። እኛ ሜሪላንድ ነን፤ የናንተም ነገር ከኛ የሚለይ አይመስለኝም።

1. ሳም ዶት ጎቭ (SAM.gov) ላይ፣ ማለትም የፌዴራል ገንዘብ የሚፈልጉ ድርጅቶች በሚመዘገቡበት የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ፣ ዛሬውኑ ተመዝገቡ። ነፃ ነው። «እናስመዝግብላችሁ፣ ይህን ያህል ክፈሉ» የሚል ኢሜይል ይመጣል፣ እንዳትመልሱ። የማህበሩ ስምና አድራሻ አይአርኤስ (የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ዘንድ ካለው ጋር በፊደል መግጠም አለበት። የኛ በአንዱ ወረቀት «ኮሚኒቲ»፣ በሌላው «ኮሚኒቲ ሴንተር» ስለሚል ብቻ አምስት ሳምንት ቆመናል።

2. ገንዘቡ ቀድሞ አይመጣም። ይህን ለቦርዳችሁ ደጋግመሽ ንገሪ። የኪራዩን ቼክ እናንተ ትጽፋላችሁ፣ ከነማስረጃው ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) ለካውንቲው ትልካላችሁ፣ ከዚያ ገንዘቡ ይመለስላችኋል። ለኛ የመጀመሪያው ክፍያ የመጣው በአራተኛው ወር ነው። እስከዚያ ከዕድር ተበድረን ነው የሠራነው።

3. ማስረጃ። የወደቅነው እዚህ ላይ ነው።

የኛ ገንዘብ ከፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር ከሃድ (HUD)፣ ቤት አልባ የሆኑትንና ሊሆኑ የተቃረቡትን በሚረዳው ኢኤስጂ (ESG) በሚባለው ፕሮግራም የሚመጣ ነበር። ውዝፍ ኪራይ እስከ 6 ወር፣ በጠቅላላው በ3 ዓመት ውስጥ እስከ 24 ወር መክፈል ይፈቅዳል። ለመጪ ወራት የጽሑፍ ውል የግድ ነው። ለውዝፍ ብቻ ከሆነ የቃል ስምምነትም ሊያልፍ ይችላል፣ አከራዩ የሂሳብ መዝገብ ወይም የተመነዘረ ቼክ ካቀረበ።

የኛ ሰው ደግሞ የሚከራየው የሀበሻ ቤዝመንት ነው፤ በቃል፣ በካሽ። አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ልትወጣ አራት ቀን ሲቀራት መጣች። ቼኩን የፈረምኩት እኔ ነኝ። የ3 ወር ውዝፍና የመጪ 2 ወር ኪራይ ከፈልን፤ ወረቀቱን በኋላ እናሟላለን ብዬ። አከራይዋ ታማኝ እናት ናቸው። ሂሳባቸውን የያዙት ግን ከቤተክርስቲያን በገዙት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ምልክት፣ ኅዳር ላይ ምልክት፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ባዶ። እሱን ይዤ ካውንቲው ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛዋ በብዕሯ ጫፍ ገፋ አድርጋ መለሰችልኝ። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። «ይህ ዶክመንት አይደለም።» ታዲያ ምን ላምጣ ስላት «ኮንትራቱን አንብብ» አለችኝ።

8,250 ዶላር ከማህበሩ ካዝና ወጥቶ ቀረ።

ኮንትራቱን አነበብኩት፤ ሦስት ሌሊት። መጪውን ወር ያለ ውል መክፈል የኛ ጥፋት ነበር። ቤቱም ከክፍያው በፊት መታየት ነበረበት፤ የጭስ ማንቂያው ይሠራል ወይ፣ በእሳት ጊዜ ሁለተኛ መውጫ አለ ወይ። ውዝፉን ግን ለብቻው አድርገን፣ ያን ቀን መቁጠሪያ አስተርጉመን፣ አከራይዋ ፈርመውበት ብናቀርብ መከራከር እንችል ነበር። ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃት ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያቺ እናት ግን አልወጣችም። ልጆቿም ትምህርት ቤት አልቀየሩም። አሁን ሦስተኛ ኮንትራታችን ላይ ነን፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ኢንቮይስ አልተመለሰብንም። የጽሑፍ ውል፣ ከአከራዩ ጋር የተፈራረምነው ስምምነት፣ የቤቱ ፍተሻ ፎርም፣ ኪራዩ ሃድ ለአካባቢው ካወጣው የኪራይ ተመን አለማለፉን የሚያሳይ ወረቀት፤ ለመጪ ኪራይ ከአራቱ አንዱ ከጎደለ፣ ሰው እያለቀሰም ቢሆን ቼክ አልፈርምም። እዚያው አብሬ ቁጭ ብዬ ወረቀቱን አሟላለሁ እንጂ።

የውሉን ናሙና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተን፣ ከደረሰኝ ደብተር ጋር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአከራዮች እናድላለን። ባለ ቀን መቁጠሪያዋ እናት አሁን ሁለተኛ ደብተራቸውን ጀምረዋል። ቅጾቹን ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፤ ጨረታው የሚዘጋበትን ቀንም አብረሽ ንገሪኝ።