ድምፅ የማልሰጥበትን ኅብረት ለምን ወደድኩት?

ጥያቄ፦ ሚላኖ፣ መጋዘን ውስጥ የምሠራ አንባቢያችሁ ነኝ። በምሳ ሰዓት ወሬው ወደ አውሮፓ ኅብረት ከዞረ ጣሊያኖቹ ባልደረቦቼ መራገም ይጀምራሉ፤ «ብራሰልስ የተቀመጠ ሰው በእኛ ጉዳይ ምን አገባው?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ቢጠናከር ደስ ይለኛል። «አንተ ድምፅ እንኳ አትሰጥ!» ብለው ይስቁብኛል። እዚሁ የተወለደው የ17 ዓመት ልጄም ከእነሱ ጋር ነው። ምን ነክቶኝ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምንም አልነካዎትም፤ ብቻዎንም አይደሉም። የአውሮፓ ማኅበራዊ ጥናት የሚባለው መጠይቅ «የአውሮፓ አገሮች ውህደት ይቀጥል ወይስ ከልክ አልፏል?» ብሎ ሰዎችን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ያሰጣል። በዚህ መረጃ የሠሩ ተመራማሪዎች ከውጭ የመጣው ሰው ከአገሬው ይልቅ ወደ ውህደቱ እንደሚያደላ አስተውለዋል። አይገርመኝም። ቪዛ ለምኖ የሚያውቅ ሰው ድንበር ሲላላ ደስ ይለዋል (ፈረንሳይ ከ2015 ወዲህ ፍተሻውን ብትመልሰውም)። ልጅዎ ግን ለምኖ አያውቅም፤ ኅብረቱን የሚመዝነው ከሰማው ተስፋ ጋር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ፍቅርዎ ሳይሆን ወረቀትዎ ነው። በተራው ሶጆርኖ (የጣሊያን መኖሪያ ፈቃድ) ሌላ የሸንገን አገር፣ ማለትም የእርስ በርስ የድንበር ፍተሻን ለማስቀረት ከተስማሙት አገሮች በአንዱ፣ ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን መቆየት ይቻላል፤ መሥራት ግን አይቻልም። «አውሮፓ አንድ አይደለም እንዴ?» ብሎ ጀርመን ሥራ ጀምሮ፣ አፍሮ የተመለሰ ስንቱን አይቻለሁ! እስቲ ካርድዎን ያውጡና «ሉንጎ ፔሪዮዶ» (የረጅም ጊዜ) የሚል ካለበት ይመልከቱ። ከሌለ፣ 5 ዓመት በሕጋዊ መንገድ ከኖሩ፣ በቂ ገቢና የ«አ2» ደረጃ (መሠረታዊ መግባቢያ) ጣሊያንኛ ካለዎት ማመልከት ይችላሉ። በ2003 የወጣው የኅብረቱ መመሪያ የፈጠረው ፈቃድ ነው፤ ከዴንማርክና ከአየርላንድ በቀር፣ በየአገሩ ደንብ፣ ሌላ አባል አገር ገብቶ የመኖርና የመሥራት መንገድ ይከፍታል።

የድምፁ ነገር እውነት ነው፣ ያናድዳልም። ኅብረቱን በመሠረተው የማስትሪክት ውል ከ1993 ጀምሮ የኅብረቱ ዜጋ የሚባለው የአንዱ አባል አገር ዜጋ የሆነ ብቻ ነው። አጠገብዎ ካርቶን የሚያነሳ ሮማኒያዊ ካለ፣ ጣሊያናዊ ሳይሆን ተመዝግቦ የሚላኖን ከንቲባ ሊመርጥ ይችላል፤ እርስዎ አይችሉም። ከኅብረቱ አገሮች ውጭ ለመጣነው ለእኛ ዓይነቱ ዜግነት መጠየቂያው የ10 ዓመት ነዋሪነት ነው። ወደ 5 ይውረድ የተባለው የሰኔ 2025 ሕዝበ ውሳኔ ከግማሽ በታች መራጭ ስለወጣ ከሽፏል።

ልጅዎ ግን ይቅናው! ከተወለደ ጀምሮ ሳያቋርጥ በሕጋዊ መንገድ ከኖረ፣ 18 ሲሞላው ኮሙኔ (ማዘጋጃ ቤት) ሄዶ ጣሊያናዊ መሆን እንደሚፈልግ ማስታወቅ ይችላል፤ ጊዜው እስከ 19ኛ ልደቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ለአውሮፓ ፓርላማ ይመርጣል። ኅብረቱን ለሚጠላ ፓርቲ ይሰጥ ይሆናል፤ መብቱ ነው፣ አይቆጡት። ከአሁኑ ግን የነዋሪነት ምዝገባውን ያጣሩለት። መሃል ላይ የተቆረጠ ጊዜ ካለ የትምህርት ቤትና የክትባት ወረቀቶቹ ማስረጃ ስለሚሆኑ አንዱንም አይጣሉ።